የሉብና ብልቃጥ

እኔ መሪማ ቁጡ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ፤ ከደሴና ከወልድያ የሚመጣው ሚኒባስ ደጄ ላይ ይቆማል፤ ሾፌሮቹ «መሪማ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ነሽ?» እያሉ ነው የሚወርዱት። እኔም ስድቤን ከዓሣው ጋር አቀርብላቸዋለሁ። ሰው ይስቃል። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ቁጣዬ ጨዋታ መሰለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ነገሩ የገባኝ የወንድሜ ሚስት ከተቀበረች በኋላ ነው።

ወንድሜ አሊ ባጃጅ ይነዳል። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሉብናንም ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለ መንደር ሽማግሌ ልኬ ያመጣሁለት እኔው ነኝ። ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አብራኝ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ትውላለች፤ ስሰድባት እንኳ «እሺ እቴ መሪማ» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። አሲያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ።

አሲያ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ክረምት ላይ፣ ሉብና ተለወጠች። በትንሽ በትልቁ መጮህ አመጣች። አሊ ዘገየ ብላ ሳህን ወረወረችበት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። የሦስት ሰው ምግብ ትበላለች፣ ቀሚሷ ግን በየሳምንቱ ይሰፋታል። እኛ በሐምሌ ብርድ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ እሷን ላብ ያጠምቃታል። ዓይኗ ፈጠጠ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ጎረቤቱ «ጂን ነው፣ ዱዓ ይደረግላት» አለ፤ ተደረገላት። እኔ ግን «የምን ጂን! ጥጋብ ነው እንጂ» አልኩ። አሊ አንድ ቀን መጥቶ፣ «እቴ፣ መረረኝ። አንድ ሳህን ትድገምና እፈታታለሁ። አሲያን አንቺ ታሳድጊልኛለሽ» አለኝ። እሺም እምቢም አላልኩትም።

ጤና ጣቢያ የወሰድኳት አዝኜላት አይደለም። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቢላዋው መዳፏን ሰነጠቀውና ደሙ አልቆም ስላለ ነው። የሰፋላት ዝናው የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ እኛ ግን ዶክተር እንለዋለን። ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ እጇን አልለቀቀውም። የልብ ምቷን ቆጠረ። ሰዓቱን አየና እንደገና ቆጠረ። «እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» ብሎ አንገቷን ዳሰሰ።

«ሰው ላይ ትጮሂያለሽ?» አላት።

ሉብና አቀረቀረች። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት በእጁ ዝም አሰኘኝ። እኔን ዝም ያሰኘኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

«እዚህ አንገትሽ ላይ አንዲት እጢ አለች» አላት። «ሆርሞን የሚባል ነገር እያመረተች ወደ ደምሽ ትለቃለች። ሆርሞኑ ካነሰ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ ሰውየው ይደብተዋል፣ ያለ ምክንያት ያዝናል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ከበዛ ደግሞ እንዳንቺ ነው፤ ልብ ይጋልባል፣ ገላ ይነዳል፣ ቁጣውና እንባው ተያይዘው ይመጣሉ። ደምሽን ደሴ ልከን እናረጋግጣለን።»

ሉብና ቀና አለች። «እኔ ክፉ አይደለሁም ማለት ነው?»

«ታመሻል እንጂ ክፉስ አይደለሽም።»

እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። የተሰፋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያች የፕላስቲክ ወንበር ላይ እጥፍጥፍ ብላ አለቀሰች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ወረቀት ሳነብ ቆየሁ። ማንበብ እንኳ በደንብ አልችልም።

የደሴው ውጤት ዝናው እንዳለው ሆነ። ክኒን በብልቃጥ ሰጣት፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ። «ሲሻልሽ ዳንኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ» አላት። «ቡና ቀንሺ፣ በጊዜ ተኚ፣ በየቀጠሮሽ ነይና ደምሽን እንየው። መጠኑን እኔ ነኝ የምቀንሰው፣ አንቺ አይደለሽም።» ወደ እኔም ዞረ፤ «እትዬ መሪማ፣ እርስዎም ይከታተሉልኝ።»

«አብሽር፣ እኔ አለሁላት» አልኩት። ወላሂ፣ ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው።

ጥር ሲገባ ሉብና ሌላ ሰው ሆነች። ፊቷ ሞላ፤ እጇ ረጋ። ዓሣ ስትፍቅ ታንጎራጉራለች፤ አምባሰልን ስታዜመው ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። አሊ ያፈረ ሰው ሆኖ በየማታው ብርቱካን ይዞላት ይገባ ጀመር። ስለዚያ ሳህን የሚያነሳ ሰው ቢኖር «እሷ እኮ አይደለችም፣ እጢዋ ነው» ይላል። ጎረቤቱም ይህንኑ ይዞ «እጢዋ ነው» ሆነ ነገሩ ሁሉ።

እኔ ቀናሁ። እንካችሁ፣ አልደብቅም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ስቆጣ አንድ ሰው «መሪማ እኮ አይደለችም» ብሎልኝ አያውቅም። እናቴን ቀብሬ፣ ወንድሜን አሳድጌ፣ ሁለት ባል በምላሴ አባርሬ፣ ከዘይት ጋር ስነድ ስኖር ያው መሪማ ነኝ። እሷ ስድስት ወር ጮኸችና ብርቱካን መጣላት።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ዐቢይ ጾምም ከሱ ጋር ገጥሞ ነበርና ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነው። ክርስቲያኑ ከፊሉ ዓሣ ይበላል፣ ከፊሉ አይበላም፤ የሚበላው ግን የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። አፌ ደርቆ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ ለሰው ዓሣ ስጠብስ እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጨው ላወጣ ጓዳ ስገባ ሉብና ከበሩ ኋላ ቆማ ክኒኗን በውኃ ስትውጥ አገኘኋት።

የታመመ ሰው ያልጾመውን በሌላ ቀን እንደሚተካ አውቃለሁ፤ ያስተማረኝ ቁርኣን ቤት ነው። ግን ያን ሰዓት ዕውቀት የት አለኝ?

«ጉድ በሉ!» አልኩ፤ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ሰማ። «በረመዳን በቀትር! እንዲህ ወፍረሽ፣ እንዲህ እየዘፈንሽ፣ አመመኝ ትያለሽ?»

«እቴ መሪማ፣ በሞቴ ቀስ በይ። ሐኪሙ አታቋርጪ ስላለኝ ነው። ነገ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

ጎረቤቴ ጸዳለ ለባሏ ዓሣ ልትገዛ መጥታ ነበር። «ተያት እንጂ መሪም» አለችኝ። «እኛም ዘንድ እኮ ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ጾሙን ይፈታለታል።»

«አንቺ የራስሽን ጾም ጹሚ!» አልኳትና ወደ ሉብና ዞርኩ። ከዚያ ያ ቃል ከአፌ ወጣ። «ጸባይሽ እኮ የብልቃጥ ነው! እስቲ ያለ ክኒን ደግ ሁኚና ልይሽ!»

ሉብና ፊቷ አመድ መሰለ። በማግሥቱ ጧት ቅርፊት መፋቂያውን ሳታነሳ ፊቴ ቆመችና ብልቃጡን ዘረጋችልኝ። «ያዥልኝ። እስከ ዒድ አልፈልገውም። ያለ እሱም ሰው መሆኔን ታያላችሁ። ለአሊ ግን እንዳትነግሪው።»

ተቀበልኳት። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ማታ ካፈጠርን በኋላ ልትውጠው ትችል ነበር፤ «እንኪ፣ ይህን እንኳ ዋጪ» ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። ስጎነበስ ብልቃጡ ጭኔን ይነካኛል፤ ክኒኖቹ ሲንቀጫቀጩ እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ።

ሁለት ሳምንት አካባቢ ደህና ከረመች። ከዚያ ያ ላብ ተመለሰ። ጾም ነው አልኩ። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቢላዋውን ተቀብያት እኔ ዓሣውን መበለት ያዝኩ። አንድ ቀን አሲያ ውኃ ብታፈስ ጮኸችባትና ወዲያው ልጅቷን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከልጅቷ ራስ በላይ አየችኝ። «ያው ነኝ አይደል እቴ መሪማ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ «አየሽ!» አለ። ደስ አለኝ። አስተግፊሩላህ፣ ደስ አለኝ።

በረመዳን ሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ፣ ገላዋ እንደ ምድጃ ጋለ። አስመለሳት። የሌለ ሰው ታናግራለች፣ አሲያን አላወቀቻትም። አሊ በባጃጁ ጭኖን ጤና ጣቢያ ደረስን። ዝናው ጣቱን አንገቷ ላይ እንዳሳረፈ ፊቱ ተለዋወጠ።

«መድኃኒቷን አቋርጣለች?»

«ኧረ በጭራሽ» አለ አሊ። «አንድ ቀን አላቋረጠችም።»

ዝናው ወደ እኔ አየ። ተከታተይ ያለው እኔን ነዋ። ብልቃጡ ኪሴ ውስጥ ነው። አሊ አጠገቤ ቆሟል፤ ያሳደግኩት ልጅ፣ በዓለም ላይ አንድ ያለኝ ሰው። ያ ከተማ የሚፈራው ምላሴ ተሳሰረ። «እኔ እንጃ» አልኩ።

አምቡላንስ ደሴ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ እጇን ይዤ ነበር፤ የልቧ ምት መዳፏ ላይ ሳይቀር ይመታኛል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርዷት ነው ብልቃጡን አውጥቼ ለነርሷ የሰጠኋት። «ሃያ ቀን ሆናት፤ እኔ ነኝ የያዝኩባት» አልኩ። አሊ ሰማ። እንደ ሌላ ሰው አልጮኸም፣ አልመታኝም። ብልቃጡን ብቻ ያይ ነበር።

በዐስር ሰላት ሰዓት ሞተች። ሐይቅ ጤና ጣቢያ ላይ ብናገር ትድን ነበር ወይ ብዬ ሐኪሞቹን አልጠየቅኩም። መልሱን ፈራሁ፤ እስካሁንም እፈራለሁ።

ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ የመጣው ዝናው ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ልጁ የእውነት አዝኖ ነው። «ብትጠይቁኝ እኮ ሰዓቱን ለሌሊቱ ስሑርና ለማታው ማፍጠሪያ አስተካክልላት ነበር» አለ። «ለስንቱ ጾመኛ አስተካክያለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።» ከጤና ጣቢያው እስከ እኔ በር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

አሊ አሲያን ይዞ ከውጫሌ ወዲያ፣ የሉብና ወላጆች ዘንድ ገባ። ስልኬን አያነሳም። የሚኒባስ ሾፌሮቹ ዓሣቸውን በዝምታ በልተው ይሄዳሉ፤ ዛሬ ማን ላይ ነሽ የሚለኝ የለም።

ሰኔ ላይ ለራሴ ተነሥቼ ዝናው ዘንድ ሄድኩ። «እኔንም መርምረኝ» አልኩት። «ምን ያምዎታል?» ሲለኝ፣ «ቁጣ» አልኩት። አልሳቀብኝም። አንገቴን ዳሰሰ፣ የልቤን ምት ቆጠረ፣ ደሜን ደሴ ላከ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በእነዚያ ቀናት በየሰላቱ አንድ ዱዓ ብቻ አደረግሁ፤ ያ ረቢ፣ እጢ ይገኝብኝ። ትብዛ፣ ትነስ፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ እሷ ትሁን። ለአሊ ወረቀቱን እልክለታለሁ አልኩ። አንድ ሰው «መሪማ እኮ አይደለችም» ይበለኝ አልኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዝናው ወረቀቱን ዘርግቶ ፈገግ አለልኝ።

«አልሐምዱሊላህ ይበሉ እትዬ መሪማ። ሆርሞንዎ ልክ ነው። ምንም የለብዎትም፤ ጤነኛ ነዎት።»

የተቀመጥኩት ሉብና ያን ዕለት እጇን አቅፋ ባለቀሰችባት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር። እሷ ክፉ አይደለሁም ማለት ነው ወይ ብላ ጠይቃዋለች። እኔ አልጠየቅኩትም።