የግራው መጋጠሚያ

ጠብታው በውሃ መልቀቁን ያስተዋልኩት ውሃውን ከደፋሁ በኋላ ነው።

የባሌን የሥራ ካፖርት እያጠብኩ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ሳጥበው እጅጌው ላይ የደረቀው የሙጫ ጠብታ አንድም ቀን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ልጄ ታንኳ የምትሠራበት ሙጫ ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ነው፤ አንዴ ከደረቀ ድንጋይ ነው። ስፍቀው ጥፍሬ ይሰበራል እንጂ እሱ ወይ ፍንክች። የዚያን ቀን ግን አንዱ ጠብታ አውራ ጣቴ ስር ተልፈሰፈሰ። እንደ አክታ ተዝለገለገና ውሃውን ነጭ አደረገው። እኔም «እሰይ፣ ዛሬስ ለቀቀ» ብዬ ገንዳውን ደፋሁት። ካፖርቱን ገመድ ላይ ሳሰጣ ነው እጄ አየር ላይ የቀረው።

በውሃ የሚለቅ ሙጫ ከታንኳ ጋር ምን ይሠራል?

ልጄ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ንድፍ አውጪ ናት። ታንኳዋን መጀመሪያ በወረቀት ነደፈችው፤ ቀጥሎ በካርቶን ቆርጣ ሠራችው። ያ ክንድ የማያህል የካርቶን ታንኳ ከጨው ዕቃው ጎን ለአንድ ወር ተቀምጦ አብሮን ምሳና እራት በላ። ከዚያ ከአባቷ ጋር እውነተኛውን ጀመሩ። ሳንቃዎቹ ስስ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ረግጦ በሙጫ ብቻ ይያያዛል። ምስማር የሚባል ነገር የለውም። «ምስማር ክብደት ነው፣ እማዬ» ትለኛለች። ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ ጋር ለሁለት ተሸክመው ጫካ ለጫካ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሊያሻግሩት ነው። አሥራ ሁለት ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ስልክ በማይሠራበት። መነሻቸው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነበር።

እኔ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ፤ አልክድም። ባሌ «መርዶ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ልጄ ብስክሌት ስትማር የተሰበረ እግር ታየኝ፤ ዋና ስትማር ሬሳ ታየኝ። እግሯም አልተሰበረም፣ ውሃም አልወሰዳትም። ስለዚህ ካፖርቱን ከማጠቤ በፊት በነበረው ማታ ሁለት እጄን ይዛ፣

«እማዬ፣ እስክሄድ ድረስ አንድ ክፉ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። በሞቴ!» አለችኝ።

«እሺ፣ ማልኩልሽ» አልኳት። «በሞቴ» ማለቷ ራሱ አንገሸገሸኝ።

ካፖርቱን እንዳንጠባጠበ ትቼ ወደ ወርክሾፑ ገባሁ። ባሌ ወንበርና ቁም ሣጥን ሠሪ ነው፤ ወርክሾፑም ከቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ነው። ላብ፣ ቫርኒሽና እርጥብ ሰጋቱራ አንድ ላይ ይሸታል። መስኮቱ ላይ የተረሳ የሻይ ብርጭቆ ሻጋታ አብቅሏል። ታንኳው መሃል ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ያበራል። ባሌ አጠገቡ ተቀምጦ በመሮ ጫፍ ከጥፍሩ ስር ቆሻሻ እያወጣ ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«ነጭ ኮላ ምን ሠራህበት?» አልኩት።

«የምን ነጭ ኮላ?»

«ያ የወንበርህ።»

«ወንበር ሠራሁበታ!» ብሎ ሳቀ።

«በሦስት ወር ውስጥ አንድ ወንበር አልሠራህም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀረ። ተነሥቶ በሩን ገፋ አደረገና በሹክሹክታ ነገረኝ። ማክሰኞ ዕለት ልጅቷ ሥራ ሳለች ታንኳውን ብቻውን ሊገለብጠው ሞክሯል። «ጠብቀኝ፣ አብረን እንገለብጠዋለን» ብላው ነበር። ከመደገፊያው ተንሸራቶ ወደቀበት። በግራ በኩል፣ ከታች ሁለተኛው መጋጠሚያ ክንድ ከስንዝር ያህል ተከፈተ። ጠንካራው ሙጫ ደግሞ አልቋል። እጁ ሠላሳ ዓመት ወደሚያውቀው ጠርሙስ ሄደ። ነጩን ኮላ ጨመቀበት፣ በሞርሳ አጥብቆ አሰረው፣ ከመምጣቷ በፊት ጠራረገው። በማግስቱ ቀለም ተቀባ።

«ቀለሙ ውሃ አያስገባም» አለኝ።

«ድንጋይ ቢፍቀውስ?»

«ይኸው፣ መርዶ ጀመረች!»

«ቢፍቀውስ አልኩህ?»

እጄን ያዘኝ። መዳፉ እንደ ዓሣ ሆድ ቀዝቅዞ ረጥቧል።

«ተይው በናትሽ። ካወቀች ዳግመኛ ከእኔ ጋር አትሠራም። ሦስት ወር ሙሉ ‹አባዬ ይህንን እየው፣ አባዬ ያንን ያዝልኝ› ስትለኝ ከረመች። ካደገች ወዲህ እንዲህ ሆነን እናውቃለን? ደግሞስ ብትነግሪያት ማን ያምንሻል?»

የመጨረሻዋን ሲናገር ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ደስታ አየሁ። ማንኮራፋቱን፣ የእግሩን ሽታ፣ በየትራሱ ስር የሚተወውን የአፍንጫ መሐረብ ሠላሳ ዓመት ችያለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም። ልጁን ከነነፍሷ ውሃ ላይ ሊያስቀምጣት የፈለገው «አባዬ» መባል እንዳይቀርበት ነው። ወጥቼ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ሲያላምጥ መንጋጋው ቋ ቋ ይላል። ልጄ ገመድና ክብሪት ልትገዛ ወጥታለች። እሱ እንደ ልማዱ ጋደም ሲል ውሃ አፈላሁ፣ አሮጌ አንሶላ ቀደድኩና ወርክሾፑ ገባሁ።

መጋጠሚያውን ከውጭ ለማግኘት አይቻልም፤ እጁ መቼም የተባረከ ነው፣ ቀለሙ መስታወት ይመስላል። በውስጥ በኩል ግን ቫርኒሹ ስስ ነው፤ በመዳፌ ሳስስ አንድ ቦታ ትንሽ ሻከረኝ። የፈላ ውሃ የነከርኩትን ጨርቅ እዚያ ላይ ደረደርኩ። ሲቀዘቅዝ ቀየርኩት። እንደገና ቀየርኩት። ጥቂት ቆይቶ እንደ ኮመጠጠ ወተት ያለ ሽታ መጣ፤ አፍንጫዬን በክንዴ ይዤ ቀጠልኩ።

«ባይለቅስ?» እያልኩ ነበር በሆዴ። እውነቱን ልናገርና እንዲለቅ እየለመንኩ ነበር። ልጅ ሦስት ወር የለፋችበት ነገር እንዲበሰብስ የሚለምን የእናት አፍ! ራሴንም ቀፈፈኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት፤ የገመዱ ጥቅል ትከሻዋ ላይ ነው።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው? በሙቅ ውሃ? የእኔን ቫርኒሽ?»

«ጣትሽን እዚህ ጋ አድርጊ።»

«ትናንት እኮ ማልሽልኝ! ነገ እንዳልሄድ ነው? ይህን ያህል ትደርሻለሽ?»

«ማልኩ። አንድ ክፉ ቃል ወጣኝ? ጣትሽን ብቻ ነው ያልኩሽ።»

በንዴት ጨርቁን ገፍፋ ጣለችው። ጣቷን ሳንቃው ላይ አድርጋ ተጫነች። መጋጠሚያው ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ፤ እንደ መግል ያለ ነጭ ነገር ጣቷን ተከትሎ ወጣ። አሸተተችው። ወንበር ሠሪ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም።

ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። የትራሱ ጨርቅ ጉንጩ ላይ ታትሟል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወድቆ… ማክሰኞ ዕለት ትንሽ ወድቆ ነበር። ይይዛል ብዬ ነው።»

«ስንት ቀን? ሁለት? ሦስት? የት ስንደርስ ነው የሚለቀው?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ረቡዕ አብረን አልቀባነውም? ብሩሹን ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁም? ታፏጭ ነበር እኮ! እዚችው ላይ ስትቀባ እያፏጨህ ነበር!»

መሐረቡን አውጥቶ ዘረጋላት። አየችውና ጣቷን በገዛ ሱሪዋ ጠረገች።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ጓደኛዋ ደወለች። «ነገ አንሄድም… ታንኳው ተበላሽቷል… አይ፣ እማዬ አይደለችም… እማዬ አይደለችም አልኩሽ!»

በሕይወቴ እንዲህ የጣፈጠኝ ቃል የለም። ልጄ በእጇ ጀርባ እንባዋን እየጠረገች እኔ በውስጤ እልል አልኩ። ጣዕሙ አፌ ውስጥ ብዙ አልቆየም፤ ምራቄ መረረኝ፣ ወጥቼ ተፋሁት።

ስመለስ መጋጠሚያውን በሽብልቅ ከፍታ ነጩን እየፋቀች ነበር። ባሌ አጠገቧ ይንቆራጠጣል።

«እኔ ልፋቀው፣ የእኔ እጅ ይሻላል።»

«አትንካው።»

«እንጨቱን እንዳትጎጂው ብዬ ነው።»

«አባዬ፣ አትንካው አልኩህ። ሌላ የነካኸው አለ?»

«የለም።»

«ሌላ የወደቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የደፈንከው?»

«የለም እኮ፣ በእግዜር!»

ቀና ብላ አየችው። ቀይ እርሳስ አነሣችና ከታንኳው አፍንጫ ጀምራ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በቢላ ጫፍ እየወጋች፣ በጆሮዋ እያዳመጠች፣ ምልክት እያደረገች ዞረች። እሱ ራሱ «ይህቺ የአንቺ ናት፣ ይህቺን አንቺ ነሽ ያጣበቅሽው» ሲላት እንኳን ወጋቻት። የገዛ እጇን ሥራ! ትከሻዋ ጎበጥ፣ ግንባሯ ቋጠር ብሏል። ያ ግንባር የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ። ከእኔ እንዳይተላለፍባት ሃያ ስድስት ዓመት የፈራሁት በሽታ በአባቷ በኩል ዞሮ ገባባት።

ጨረሰች። ሌላ የተከፈተ አልተገኘም። ባሌ «አላልኩሽም?» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

ሰማዩ ዳመነ፤ እየመሸ ነው። መሣሪያዎቿን ሰብስባ መብራቱን አጠፋችና ሦስታችንም ወደ ደጅ ወጣን። የወርክሾፑ ቁልፍ ሁልጊዜ ከባሌ ቀበቶ ጋር የታሰረ ነው፤ እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ያንን በር የሚቆልፈው እሱ ብቻ ነው። ልጄ እጇን ዘረጋች።

«እኔ እቆልፈዋለሁ እኮ» አላት።

እጇን አላጠፈችም። ማሰሪያውን ለመፍታት ጊዜ ወሰደበት። ልርዳው ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ቀበቶው በላብ መርጠቡ ሲሰማኝ መለስኩት። ቁልፉን ራሱ ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

ሁለት ጊዜ አዞረችው። በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ጥቂት ሄደችና ተመልሳ አንድ ጊዜ ደግማ ገፋችው።