ኦሜጋ የተባለው ባለተራ

ኮምፒዩተር አንድ ፎቅ ሙሉ ይይዝ በነበረበት ዘመን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ሰባት ተማሪዎች አንድ ማሽን እንጋራ ነበር። መምህራችን ፕሮፌሰር ሊንዳወር ዓለም ሁሉ ስብስብ ነው ብለው የሚያምኑ የሒሳብ ሰው ናቸው። ፕሮግራም የምንጽፍበት አዲሱ ቋንቋ በስብስብ ሒሳብ ላይ የተገነባ ስለሆነ፣ ወረፋችንም በእሱ እንዲያዝ አዘዙ። ስብስብ ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። ማሽኑ በየማለዳው ከሰባታችን አንዱን ስም እንዳሻው ያነሳል፤ ስሙ የተነሳለት ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያነሳው ቮግልን ነው። እኔ ደግሞ የመመረቂያ ፕሮግራሜን እስከ ዓርብ ካላስኬድኩ፣ ኦሃዮ ያገኘሁት የመምህርነት ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ ፍትሕ ነው?» አልኳቸው።

«እንዳሻው ያነሳል አልኩ እንጂ በፍትሕ ያነሳል መቼ አልኩህ?»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ስድስቱን ጓደኞቼን ለዓርብ ስማችሁን አሰርዙልኝ፣ የፓስትራሚ ሳንድዊች እጋብዛለሁ አልኳቸው።

«የኮመጠጠ ኪያር ካለበት ነፍሴንም አሰርዛለሁ» አለ ቮግል።

ሐሙስ ዕለት ቮግል ሳንድዊች የሚበሉትን ስም በወረቀት ላይ ዘረዘረ። ጸሐፊያችን ሚስስ ካፑቶ የሚሰረዙትን ስም ሲጠይቁት ያንኑ ወረቀት ሰጣቸው። በእኛ ዘንድ አባሎቻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ስብስቦች አንድ ናቸው፤ ሁለቴ መጻፍ ነውር ነው። ግን እኔም ሳንድዊች አዝዤ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰባታችንም ተሰርዘን ስለነበር፣ ማሽኑ ከባዶ ስብስብ ስም አንሳ ተባለ። ቋንቋው «ምንም የለም» ለማለት አንዲት የግሪክ ፊደል ያትማል፤ ኦሜጋን። ሚስስ ካፑቶ ወረቀቱን ቀደው አነበቡ።

«ኦሜጋ! ኦሜጋ የታለ?»

«አቤት!» አልኩ።

«አንተ ፔርልስታይን አይደለህም እንዴ?»

«ፔርልስታይንማ ተሰርዟል፤ ይዩት።»

አዩት። ተሰርዟል።

«እኔም እኮ የለሁበትም!» ብሎ ቮግል ተነሳ። አምስቱም ተከተሉት። ሳንድዊቹን ያመጣው ሰውዬም ካርቶኑን አስቀምጦ እጁን አወጣ። «እኔማ መጀመሪያም አልነበርኩበት!»

ፕሮፌሰሩ ተጠሩ። ግንባራቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።

«ሁላችሁም ኦሜጋ ከሆናችሁ እኩል ናችሁ። እኩል የሆኑ ነገሮች ደግሞ አንድ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ናችሁ ማለት ነው፤ ግቡ።»

ስምንታችንም ገባን። እነሱ ሲበሉ እኔ ፕሮግራሜ በቀዳዳ የተጻፈባቸውን ካርዶች ማሽኑን አጎረስኩት። ማሽኑ እስከ ምሽት አዝግሞ ትክክለኛውን መልስ አወጣ፤ በየገጹ ራስ ላይ የታተመው የባለቤቱ ስም ግን ኦሜጋ ነው። ፕሮፌሰሩ ለኦሃዮ «ኦሜጋ ትምህርቱን አጠናቋል፤ ቦታው ይሰጠው» የሚል ደብዳቤ ፈርመው፣ በሩ አጠገብ ለቆመው ኦሜጋ ሰጡት።

«ፕሮፌሰር! እሱ እኮ ሳንድዊች ያመጣው ሰውዬ ነው!»

«ታዲያ ልዩነታችሁ ምንድን ነው? አስረዳኝ» አሉኝ ከልባቸው።

እስካስረዳቸው ሰውዬው ባቡር ተሳፍሯል። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ኦሃዮ ያስተምራል። እውነቱን ለመናገር ተማሪዎቹ ይወዱታል።