ከላይኞቹ ሎሚዎች ሥር

ከመተማ ማዶ፣ የሱዳን ጠረፍ በሆነችው ገላባት ላይ ሎሚ የሚያሻግር ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንደኛው ረሱም የሚባለው የመንግሥት የምርመራ ክፍያ ነው፤ በመስኮት ይከፈላል፣ ደረሰኝ አለው። ሁለተኛው «የሻይ» ይባላል፤ ከጆንያው አፍ፣ ከላይኞቹ ሎሚዎች ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መርማሪው ሎሚ የሚያይ መስሎ እጁን ይሰዳል፣ ያገኛል፣ ያሳልፋል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የሚያፈርሰው ግን አልነበረም።

ዙፋን የመተማ ሴት ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገው በሎሚ ንግድ ነው። የዛሬ ሳምንት ሁለት ጆንያ ይዛ መጣች። አንዱ ደኅና ነው። ሁለተኛው ግን ቆዳው እከክ ያወጣ፣ መርማሪ ካየው ጉድጓድ ተምሶ የሚቀበር ሎሚ ነበር። የሸጠላት ባለአትክልት አታሏት እንጂ ወዳ አልገዛችውም። እሱ ከተቀበረ የልጆቿ እህል አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። ስለዚህ ረሱሙን በመስኮት ከፈለችና፣ ሁለተኛው ሳይፈታ እንዲያልፍላት በደኅናው ጆንያ ውስጥ የሻዩን ከወትሮው አብዝታ ሸጎጠች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

መርማሪዋ ግን አዲስ ነበረች። ሰሚያ ትባላለች፤ እናቷ ጎንደሬ ስለሆነች አማርኛ ትችላለች። እጇን ወደ ሎሚው ስትሰድ ጥቅሉን አገኘችው፤ ደንግጣም በሁለት እጇ ለዙፋን መለሰችላት።

«ኻልቲ» አለቻት፣ እንደ አክስቷ ቆጥራ፤ «ሽፍታ ፈርተው ነው የደበቁት? አይዞዎት፣ እዚህ ማንም አይነካዎትም።»

ዙፋን ምን ትበል? አዎ አለች። ሰሚያ አዘነችላት፤ ሁለተኛውን ጆንያ ሳትፈታ የማለፊያውን ወረቀት ፈረመችላት። አልበቃ ብሏት ወደ ወረፋው ዞረችና፣ ሽፍታ ፈርቶ ገንዘብ የደበቀ ካለ ሳይጠፋበት ያውጣ አለች።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ተያዩ። አንዷ እጇን ጆንያዋ ውስጥ አገባች፤ ሌሎቹ ተከተሉ። አገኘሁ የሚባለው ቀብራራ ነጋዴ ሳይቀር ፊቱን አዙሮ ይዳብስ ጀመር። ሁሉም ከአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጥቅል አወጡ።

ሰሚያ አየቻቸው፤ ገባት። አንገቷን ደፋች። ማፈር የሚገባት ዙፋን ሆና ሳለ ያፈረችው ልጅቷ ሆነች። ዙፋን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቢሰድቧት፣ ቢያስሯት ይሻላት ነበር።

ሰሚያ ወረቀቱን አልቀማቻትም። ሌላው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኻልቲ፣ ሁለተኛውን ልፍታው ወይስ ይቅር?» አለች።

ፈቃድ መጠየቋ ነው ዙፋንን የገደላት። ሎሚውን ጭኖ ገዳሪፍ ገበያ የሚሄደው ሎሪ ሊነሣ ነው፣ ረዳቱ ይጣራል። ልጆቿን አሰበች። «ይቅር» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ጎንበስ ብላ የሁለተኛውን ጆንያ ገመድ ራሷ ፈታችው።

«ወደ ታች እየፈለግሽ አትልፊ፣ ልጄ» አለች ቀና ሳትል፤ «ከላይ ጀምሮ የታመመ ነው።»