አጣሞ መላክ

የሳተላይት ጣቢያው ሰዎች «መላ» ይሏታል፤ መላ አታጣም ለማለት ነው። ያን ቀን ግን መላው ራሱ የጠፋባት መሰለ። የቴሌቪዥን ሥርጭቱ የደሴቲቱ ስልክ በሳተላይት ከሚያልፍበት የሞገድ ስፋት ላይ ግማሹን ወስዷል። የደሴቲቱ ስልክ ሁሉ በቀረው ግማሽ ተጠጋግቶ ካላለፈ መስመሩ ዛሬውኑ ይዘጋል። ደሴቲቱ ላይ ደግሞ እናቷ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚላከው ወሬ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በጠባብ ቦታ ብዙ ለማሳለፍ ነጥቦቹን ማጠጋጋት ነው። ሳተላይቱ ላይ ሆኖ የሚላከውን የሚያጎላው ማጉያ ግን አቅሙ ጥግ ሲደርስ ትልልቆቹን ነጥቦች ያጎብጥና የጎረቤታቸው ጓዳ ይከታቸዋል፤ ወሬውም ይቆራረጣል። ኃይሉን ሲቀንሱለት ጨዋ ይሆናል፤ ያኔ ግን ደሴቲቱ ምንም አትሰማም።

«ጨምሪው!» አለ አለቃዋ። ሊፍት ሲዘገይ ቁልፉን ደጋግሞ የሚጫን ዓይነት ሰው ነው።

ጨመረችና ደወለች። «እማዬ፣ ይሰማል?»

እናቷ ጋ የደረሰው ቁርጥራጭ ነበር። «ምን አልሽ? ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ። «እኔ ደህና ነኝ! ጉልበቴም ደህና ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሁልጊዜ በስልክ እየጮኹ ስለሚያወሩ የእኚህን ሴት ጉልበት የማያውቅ የጣቢያው ሠራተኛ የለም።

መላ እናቷን የሰደበባት ያህል በማጉያው ተናደደች። ንዴቱ በረድ ሲልላት ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ማጉያው ጠማማ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ የሚያጣምመው በአንድ በኩል ነው። ጠባዩ የታወቀ ጠማማ ደግሞ ይቻላል። ምሳዋንም ረስታ ነጥቦቹን ገና ሳይላኩ በተቃራኒው በኩል ታጎብጣቸው ጀመር።

አለቃዋ ስክሪኑን አይቶ ክው አለ። «እንዲህ ያለ ወልጋዳ ነገር ነው ወደ ሰማይ የምትልኪው?»

«ወልጋዳ ሆኖ ካልወጣ ቀጥ ብሎ አይወርድም።»

«ኋላ ብታሳፍሪኝ!»

«መስመሩ ላይ ያለችው የኔ እናት ናት እኮ፣ የአንተ ናት እንዴ?»

ላከችው። ከሰማይ የተመለሱት ነጥቦች እንደ ጨዋ ልጆች በየቦታቸው ቁጭ አሉ። «እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው?» አለ አለቃዋ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

መላ ወዲያው ደወለች። «እማዬ፣ ይሰማል?»



«ውይ፣ በር ላይ ነሽ እንዴ?» አሉ እናቷ፣ በለሆሳስ። እንዲህ ቀስ ብለው ሲያወሩ ሰምታቸው አታውቅም።

«አይ፣ ሥራ ቦታ ነኝ።»

«እንዲህ ከተሰማማንማ ልንገርሽ፣ የኔ እናት። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። ሲመሽ እፈራለሁ። ይኼን እንግዲህ መንደሩ እየሰማ እንዴት ልጩኸው?»

መላ ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «ደህና ነኝ» ሲሏት ስንት ዓመት አምናቸዋለች።

«ንገሪኝ እማዬ፣ ሁሉንም ንገሪኝ» አለቻቸው።

አለቃዋ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ይሰማል?» ሲላት ራሷን ብቻ ነቀነቀችለት።