እርጥብ ምንጣፍ

ኩዌት፣ ሩማይሲያ ሰፈር ባለው ቪላ ፋናዬ በቤት ሠራተኝነት ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ናርዶስ ከመጣች ግን ገና ሁለት ወሯ ነው። የናርዶስ እናት በስልክ፣ ልጄን አደራ፣ እንደ ታናሽ እህትሽ ቁጠሪያት ብለው አልቅሰውባታል፤ ፋናዬም በማርያም ምላ ተቀብላለች። አደራ ደግሞ እንደ ቀልድ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ረመዳን ሊገባ ሲል ማዳም የሳሎኑ ትልቅ ምንጣፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይታጠብ አለች። የሟች እናቷ ነው፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። ሁለቱ ሦስት ፎቅ ተሸክመውት ወጡ። በፊዚክስ ጎበዝ የነበረችው ናርዶስ እያለከለከች፣ ስንወጣ የመሬት ስበት ይቃወመናል፣ ስንወርድ ግን ሥራውን ራሱ ይሠራዋል፣ ስለ ማውረዱ አታስቢ ብላ ቀለደች። ፋናዬ ሳቀች።

አጥበው በመከለያው ግንብ ላይ ወደ ውጭ አንጠለጠሉት። አንዷ ብሎኬት አምጥታ እስክትጭንበት፣ ሌላዋ ጥጉን በሲባጎ አስራ ጫፉን እጇ አንጓ ላይ ትጠመጥማለች፤ የቤቱ ወግ ነው። ናርዶስን ያስተማረቻት ራሷ ፋናዬ ናት። ወይ አለማሰብ! ውሃ የጠጣ ምንጣፍ የስንት ሰው ክብደት እንዳለው አንዷም አልገመተችም።

ናርዶስ ሲባጎውን አንጓዋ ላይ ጠምጥማ፣ ፋናዬ ለብሎኬቱ ዞር ስትል ምንጣፉ ተንሸራተተ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ የወረደው የቀረውን እየጎተተ እየፈጠነ ሄደ። ስበት ሥራው ላይ ነው፤ ማዳም አይል፣ ሠራተኛ አይል። ናርዶስ በሆዷ ግንቡ ላይ ተደፋች፤ እግሮቿ ወለሉን ለቀቁ።

ፋናዬ ዘላ ያዘች። ምንጣፉን።

አዎ፣ ምንጣፉን! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ስድስት ዓመትም እሷን እንዲሁ ወስዷታል። «እትዬ!» የሚለውን ድምፅ ስትሰማ ነው ክው ያለችው። ምንጣፉን ለቃ በአንድ እጇ የልጅቷን ወገብ አቀፈች፤ በሌላ እጇ ሲባጎ የቆረጡበትን መቀስ ከኪሷ አውጥታ ሲባጎውን ቆረጠችው። ምንጣፉ ግቢው ላይ ሲያርፍ ቤቱ የተናጋ መሰላት።

ማዳም ከቤት ወደ ግቢው ወጥታ ስለ ምንጣፏ ጮኸች፤ ሰው ተጎድቶ እንደሆነ አልጠየቀችም። ፋናዬ ልትታዘባት ፈለገች፣ ግን አልቻለችም።

ወጥ ቤት ገብተው የናርዶስን የተላጠ አንጓ ስታጥብላት ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ የያዝሽው ምንጣፉን ነው።»

«አዎ» አለች ፋናዬ፤ እንባዋ ወረደ። «እጄ ለምዶ ነው። ይቅር በይኝ።»

ናርዶስ አልተቆጣችም። «የኔም እጅ እንዲህ ሳይለምድ አገሬ ልግባ» አለች።

ፋናዬ፣ ቆዪ ልትላት አሰበች። በምን አፏ?