ልዩ አንገት ያለው ጠርሙስ

ሠራተኞቹ «መጠባበቂያ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተሸክሞት ይዞራል። ሥራው ፈሳሽ ሳሙና ማምረት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ ያኛው ቢረሳስ ተብሎ መኪናው ውስጥ ሌላ ይቀመጣል። ሱሪውን በቀበቶ ካጠበቀ በኋላ በማንገቻ ይደግመዋል። ሚስቱ «አንተ እኮ ለኔም መለዋወጫ ሳታዘጋጅ አትቀርም» ስትለው፣ «ፈልጌ ነበር፤ ገበያ ላይ የለም» ይላታል።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ ጊዜ ኬሚካል የሚያቀርብለት ሰው ድንገት ሱቁን ዘግቶ ጠፋና፣ በርሜሎቹ ባዶአቸውን ቀርተው ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ለኬሚካሉ ሁለት አቅራቢ፣ ለካርቶኑ ሁለት፣ ለጠርሙሱ ክዳንም ሁለት ያዘ። ሁለተኛው የክዳን አቅራቢ ከመጀመሪያው ይወደዳል። «ይሁን፣ ይሄ የእንቅልፌ ዋጋ ነው» እያለ ይገዛ ነበር።

ይህ ብልህነቱ ተሰማና የነጋዴዎች ማኅበር ልምዱን እንዲያካፍል ጋበዘው። ማንገቻውን ስቦ አስተካክሎ መድረክ ላይ ወጣ። «ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ!» ብሎ ጀመረ፤ ወሬው ጣፈጠውና ማቆሚያ አጣ፤ አንዳንዱ አድማጭ አንቀላፋ። ከኋላ ወንበር ላይ ታላቅ እህቱ ተቀምጣለች። እሷም ሳሙና አምራች ናት። ድሮ አብረው ነበር የሚሠሩት፤ የተለያዩት በጠርሙስ ነው። እሱ አንገቱ ሰፋ ብሎ ጠመዝማዛ የሆነ፣ የማንም ክዳን የማይገጥመው ጠርሙስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እሷ «ሰው የሚገዛው ሳሙናውን ነው እንጂ አንገቱን አይደለም» ብላ ወጣችና በተራ ጠርሙስ የራሷን ሥራ ጀመረች።

ታዲያ መድረክ ላይ ምላሱን ምን እንደበላው እንጃ፣ «አንዳንዶች በየገበያው በሚወድቅ ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ ለስሙ የሚጨነቅ ሰው ግን የራሱ ጠርሙስ አለው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እህቱም አጨበጨበች።

ሳምንቱ ሳይወጣ የመጀመሪያው የክዳን አቅራቢ ደወለ። «ክዳን የለም። ፋብሪካው ቆሟል።»

እሱ ግን አልደነገጠም። እንዲያውም ኋላ ራሱ እየሳቀ እንዳወራው፣ ደስ ነው ያለው። ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል! ሚስቱን ጠርቶ «አሁን እይኝ» አለና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ለሁለተኛው ደወለለት።

«ጌታዬ፣ ክዳን የለም» አለ ሁለተኛው። «ፋብሪካው ቆሟል።»

«የትኛው ፋብሪካ?»

«ከድልድዩ ማዶ ያለው ነዋ። ክዳኑ የሚወጣበት ብረት ተሰነጠቀ።»

«እናንተም ከዚያ ነው እንዴ የምታመጡት?»

«ታዲያ ከየት ይምጣ? የእርስዎን ክዳን የሚያወጣው ብረት እኮ በዓለም ላይ አንድ ነው። ሌላ እንዳይሠራ ብለው ያስማሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉ?»

ሚስቱ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። እሱ ስልኩን ዘጋ። ያንኑ ክዳን፣ ከዚያው ፋብሪካ፣ በረጅሙ መንገድ አዙሮ ለሚያመጣለት ሰው የእንቅልፍ ዋጋ ሲከፍል ኖሯል ማለት ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ለአንዷ አህያ ሁለት ባል ቀጥሬላታለሁ።»

ማምረቻው ውስጥ ሳሙናው ተቀላቅሎ ተሞልቶ አልቋል፤ ጠርሙሶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ተሰልፈው ቆመዋል። ጌታው ተስፋ መቁረጥ አያውቅምና አፋቸውን በላስቲክ ሸፍኖ በክር አስሮ፣ ጥቂቱን መኪናው ላይ ጭኖ ራሱ ሊያደርስ ወጣ። መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። በየጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ ተነፈሰ። ከደንበኛው ደጃፍ ሲደርስ አረፋው ጉልበቱን ውጦት ነበር። በሩን የከፈተለት ዘበኛ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ መኪናውን ከውስጥ ነው እንዴ የሚያጥቡት?» አለው።

ጠርሙሶቹን እንደያዘ ተመለሰ። ሚስቱ «እትዬ ጋ ሂድ» አለችው።

«ሞቼ ነው የምሄደው!»

«ለእሱስ መጠባበቂያ አለህ?»

ሄደ። የእህቱ ቤት ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ሠራተኞቿ ወሬያቸውን እያወጉ ምልክት ይለጥፋሉ። ጥግ ላይ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ክዳን በየከረጢቱ ተቆልሏል፤ ሁሉም ከተለያየ ፋብሪካ የመጣ፣ ሁሉም ለአንዱ ጠርሙስ ይገጥማል። እሱ ነገሩን ከሩቅ ጀመረው፤ ስለ ጤናዋ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቀ፣ ስለ ወገቧም ጠየቀ።

«አንተ ልጅ፣ ሱሪህ ላይ አረፋ አለ» አለችው።

በቃ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ዘበኛው ጋ ሲደርስ እህቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ የራሱን መልክ በሐሳቡ አየውና፣ አረፋ ለብሶ ማንገቻውን ይዞ የቆመውን ሰውዬ፣ ሳቁ ከሆዱ ገንፍሎ ወጣ።

«ጠርሙሱንም ክዳኑንም ውሰድ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ስትችል ትተካለህ። ግን ማኅበሩ ፊት ወጥተህ እንዲህ እንደነገርከኝ ትነግራቸዋለህ።»

«እትዬ፣ እባክሽ፣ እሱስ ይቅርብኝ።»

«የዛን ቀን ሰድበኸኝ አጨብጭቤልሃለሁ እኮ።»

እሺ ብሎ ጠርሙሱን መጫን ጀመረ። ሳሙናው በተራ ጠርሙስ፣ በእሱ ምልክት ወጣ። ደንበኛ ተቆጥቶ ይደውላል ብሎ ሲሳቀቅ ሰነበተ። የደወለችው አንዲት የልብስ ንጽሕና ቤት ባለቤት ብቻ ናት። «እግዜር ይስጥህ! ያን የተረገመ ክዳን ጣልከው? በጥርሳችን እኮ ነበር የምንከፍተው!»

ማኅበሩ ፊትም ወጣ። ቃሉን ላለማጠፍ እንጂ እግሩ ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር። ባለፈው ያንቀላፉት ሁሉ በዚህኛው ቀን ነቅተው ሳቁ። ሲወርድ ግን አንድ ቀለም ነጋዴ ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ወሰደውና፣ «የኔ አቅራቢዎችስ ከየት እንደሚያመጡ ብጠይቃቸው ይነግሩኛል?» አለው በሹክሹክታ። ሰውዬው አልሳቀም ነበር።

እሱም መጠየቅ ጀመረ። «ከየት ነው የምታመጡት? እነሱስ ከየት?» አንዳንዶቹ አቅራቢዎች ስልኩን ማንሳት ተዉ፤ እሱም ያላነሱት ቤት በእግሩ ይሄዳል። የካርቶን አቅራቢዎቹ አማችና አማት ሆነው፣ ሁለቱም ከአንዲት አሮጌ ማሽን እንደሚቀዱ የደረሰበት እንዲህ ነው። አንዱን ይዞ፣ በሌላኛው ምትክ ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ ሰው ፈለገ። ከእህቱ ጋር ደግሞ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ይዘው፣ የትርፉን ጠርሙስና ክዳን በጋራ የሚያስቀምጡባት ትንሽ መጋዘን ተከራዩ። የጎደለው ይወስዳል፣ ሲያገኝ ይተካል።

ገበያው ላይ ግን እህቱ ምሕረት የላትም። ባለፈው የልብስ ንጽሕና ቤቱን ባለቤት ነጠቀችው። እየተብከነከነ መጋዘን ሲገባ እሷ ክዳን ትቆጥር ኖሮ ቀና አለች።

«እኔ አልነጠቅሁህም» አለች። «ሴትየዋ ራሷ ናት የመጣችው። መጠባበቂያ ይኑረኝ ብላ።»

እሱ አንድ ከረጢት ክዳን አነሳ። ከረጢቱ ከበደው። እህቱ በአንድ ጫፍ ያዘችለትና እየተነታረኩ ወደ መኪናው ወጡ።