ባለ ጅራት ግሶች

በመንገድ ሥራ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም «መዝገበ ቃላት» ይሉታል። ሥራው የመኪና ስምሪት ነው። የትኛው ገልባጭ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሾፌር ዛሬ ማረፍ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። የታወቀው ግን በስምሪቱ ሳይሆን በእንግሊዝኛው ነው። ገና በወጣትነቱ ረጃጅም ቃላትን እየመረጠ በቃሉ ይሸመድድ ነበር፤ ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈም በኋላ አልተወውም። የመድኃኒት ብልቃጥ የያዘ፣ አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ፣ ከውጭ አገር ዘመድ መልእክት የደረሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እሱም መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርድና ጉሮሮውን ጠርጎ ይተረጉማል። ሰውም አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል።

እሱ ብቻ የሚያውቃት አንዲት ድክመት ነበረችበት። ረጃጅሞቹን ቃላት አይፈራም፤ የሚያስጨንቁት አጫጭሮቹ ናቸው። «ፑት»፣ «ጌት»፣ «ቴክ»። ለብቻቸው ሲቆሙ ሕፃን ልጅ ያውቃቸዋል። ከኋላቸው «አፕ» ወይም «አውት» ወይም «ኦፍ» የምትል ጅራት ስትቀጠልባቸው ግን መልካቸው ይለወጣል። «ቴክ» መውሰድ ነው ስትል «ኦፍ» ትመጣና አንዴ ልብስ ማውለቅ፣ አንዴ አውሮፕላን መነሣት ያደርገዋል። የድርጅቱ መሐንዲስ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሲናገር ደግሞ እነዚህን ባለ ጅራት ግሶች እንደ ቆሎ ነው የሚበትናቸው። መዝገበ ቃላት ያን ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ «የስ፣ ኦፍ ኮርስ» ይልና የቀረውን ከሁኔታው ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሰምርለት ስለነበር «ይኼ አልገባኝም» ብሎ መጠየቅን ረስቶታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የደወለው መሐንዲሱ ነው፤ ያለው ሩቅ፣ መንገዱ በሚሠራበት ሜዳ ላይ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከጀርባው ዶዘር ያጓራል። መዝገበ ቃላት ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለይቶ የሰማው የውሃ ቦቴው ሾፌር፣ ፀሐይ፣ «ሂ ፓስድ አውት»፣ ክሊኒክ፣ ለሚስቱ ንገሯት የሚሉትን ብቻ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

መነጋገሪያውን እንደያዘ ቀረ። «ፓስድ አዌይ» ማለት ሞተ ማለት እንደሆነ ጥንት ያውቃል። «ፓስድ አውት»ን ግን ሰምቶት አያውቅም። «አውት» ውጭ ነው። አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ሰው ከዚህ ዓለም ውጭ እንጂ ሌላ የት ይሄዳል?

«ምን ሆነ ጋሼ?» አለችው ጸሐፊዋ፣ ፊቱን አይታ።

«የቦቴው ሾፌር አረፈ።»

«ምን!» እጇ አፏ ላይ ሄደ። ትንሽ ቆይታ ግን «እርግጠኛ ነህ? መስመሩ እኮ ጥሩ አልነበረም። እስቲ መልሰን እንደውል» አለችው።

በዚያች ቅጽበት በልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረው። አዎ፣ እንደውል ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ገንዘብ ያዡ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ መካኒኮቹም ወሬው ሸትቷቸው እየመጡ ነው። በእነዚህ ሁሉ ፊት መዝገበ ቃላት ያልገባው ቃል አለ ሊባል ነው?

«አንቺ ደግሞ! እንግሊዝኛ ልታስተምሪኝ ነው?» አላት። ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች።

የሾፌሩ ሚስት ፀጉር ቤት አላት። መዝገበ ቃላት ሲገባ የአንዲት ደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር። በሥራ ሰዓት ከድርጅቱ ሰው ወደ እሷ መጥቶ ስለማያውቅ፣ ገና ሲገባ ገባት።

«ምነው በደህና?» አለችው፤ ድምፅዋ ግን በደህና እንዳልሆነ አውቋል።

«እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ንገረኝ።»

ነገራት። ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷን ሰምቶ የጎረቤቱ ሱቅ ሁሉ ወጣ። ደንበኛዋ ግማሽ ራሷ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ፣ ግማሹ እንደተበተነ ሴትዮዋን ደግፋ ያዘች፤ አብራም ታለቅስ ጀመር።

«ልጄን አምጡልኝ! ልጄን!» አለች እናትየው።

ልጅቷ በዚያን ቀን ትምህርት ቤት ገብታ የመጨረሻውን ክፍል መልቀቂያ ፈተና እየተፈተነች ነበር። ሌላ ሰው ሊሄድ ሲነሣ መዝገበ ቃላት «እኔ አመጣታለሁ» ብሎ በድርጅቱ መኪና ገሠገሠ። የፈተናው ኃላፊ በሩ ላይ አቆመው።

«ጋሼ፣ ያስቡበት። ከወጣች መመለስ አትችልም። ጨርሳ ትውጣ።»

«አባቷ ሞቶ ምን ዓይነት ፈተና ነው!» ብሎ ጮኸበት መዝገበ ቃላት። ኃላፊው መንገድ ለቀቀለት። ልጅቷ የሒሳብ ወረቀቷን እንዳጋመሰች ትታ፣ እስክሪብቶዋን እንደጨበጠች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የሾፌሩ ቤት በሰው ጢም አለ። የቤቱ ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ሲመጣ፣ መዝገበ ቃላት በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለ «ፀሐይ ነው አሉ፣ ድንገት ነው» እያለ ያስረዳ ነበር። የመሐንዲሱ መኪና መጥታ ስትቆም ሬሳው የደረሰ መስሏቸው ለቅሶው እንደ አዲስ ቀለጠ።

ከመኪናዋ የወረደው ሾፌሩ ራሱ ነው። እጁ ላይ መርፌ የተወጋበት ቦታ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሕዝቡን አየና ደነገጠ።

«ኧረ ጉድ! ማን ሞተብን?»

ያን ጊዜ የሆነውን መንደሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ግማሹ ሮጠ፣ ግማሹ አማተበ፤ አንዲት አሮጊት ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ተገለበጡ። ሚስቱ ሄዳ ደረቱን ዳሰሰችው፤ በጥፊ መታችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። መሐንዲሱ ግራ ገብቶት ወዲያና ወዲህ እያየ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ መዝገበ ቃላት ዞረ።

«ምን እያለ ነው? ተርጉምልን እንጂ!»

መዝገበ ቃላት መነጽሩን አወለቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሐንዲሱ ቀስ እያለ ደጋግሞ ስለሚናገር፣ በዚህ ጊዜ ያልገባው ቃል አልነበረም።

«ፀሐይ መትቶት... ራሱን ስቶ ወደቀ ነው የሚለው። ግሉኮስ ተሰጥቶት ተሻለው። በስልክም... በስልክም ራሱን ሳተ ብዬ ነው የነገርኳችሁ ይላል።»

አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ሰደድ እሳት ግቢውን ሁሉ ያዘው። የተገለበጡት አሮጊት ብቻ አልሳቁም። አቧራቸውን እያራገፉ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ።

ልጅቷ አባቷን አቅፋ ከቆየች በኋላ ቀና አለች። በሳቁ መሀል ማንንም ሳታይ «ፈተናዬስ?» አለች። የጠየቀችው በቀስታ ነው፤ መዝገበ ቃላት ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለይቶ ሰማት።

በማግስቱ ከሾፌሩ ጋር ሆኖ የፈተናው ኃላፊ ዘንድ ሄደ። ጥፋቱን አንድ በአንድ ተናገረ፤ ለመነ። ኃላፊው ከልቡ አዘነ፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ልጅቷ መጪውን ዓመት መጠበቅ አለባት።

ሾፌሩ ይቅር ለማለት ጊዜ አልፈጀበትም። «እኔ እንኳን ከሞት የተነሣሁ ሰው ነኝ፤ በማን እቀየማለሁ?» እያለ ራሱ ቀልዱን ያሟሙቅ ጀመር። በግቢው ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹ ለስምሪት ሲሰለፉ መዝገበ ቃላትን «ዛሬስ ማንን ገደልክ?» ይሉታል። ይኼን ቻለው። ያልቻለው ልጅቷ ስለ ፈተናው አንድም ቃል አለማንሣቷን ነው። ልጅቷ መንገድ ላይ ስታገኘው እንደ ወትሮዋ «እንደምን ዋልክ ጋሼ» ትላለች፤ አንገቷንም ዝቅ ታደርጋለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከሩቅ ሲያያት መንገድ መሻገር የጀመረው እሱ ነው።

ከጊዜ በኋላ ማንም ሳያውቅ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ርቆ ከአንድ ጎማ መሸጫ ፎቅ ላይ ባለ የቋንቋ ማሠልጠኛ ተመዘገበ። ለገዛ ሚስቱም አልነገራትም። የቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ነው። የመጀመሪያ ቀን መምህርቷ አይታው «አባባ፣ ልጅዎን ለማስመዝገብ ከሆነ ቢሮው ከታች ነው» አለችው። ጎረምሶቹ ሲስቁ እየሰማ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያንኑ ሰሞን አንድ ቅዳሜ የሾፌሩ ልጅ በሩን ከፍታ ገባች። ዓመቱን በከንቱ እንዳታሳልፍ አባቷ አስመዝግቧት ኖሯል። አላየችውም፤ ወይም ያላየች መሰለች፤ ከፊት ተቀመጠች። መዝገበ ቃላት ወጥቶ ሊሄድ ፈለገ፤ በሩ ግን ያለው ከፊት፣ በእሷ በኩል ነበር።

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ «ፓስ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጅራቶቹን እየቀጠለች ወረደች። «ፓስ ኦን» ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው። «ፓስ አፕ» የመጣን ዕድል መተው ነው። «ፓስ አውት» እና «ፓስ አዌይ» ጋ ስትደርስ ጠመኔውን አስቀመጠች።

«እነዚህን እንዳታምታቱ። አንደኛው መብራት እንደሚጠፋው ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ሄደ ሄደ ነው፤ አይመለስም። እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስገባልኝ ማነው?»

ልጅቷ እጇን አወጣች። በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች፣ «አባቴ ራሱን ሳተ። አንድ ሰው ግን አባትሽ ሞተ አለኝ። ስለዚህ ፈተናዬን ትቼ ወጣሁ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ምሳሌው የተፈጠረ መስሏቸው ነው። «ያ ሰውዬ የት ነው የተማረው?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

መዝገበ ቃላት ራሱን ቆሞ አገኘው። ለመቆም መወሰኑን አያስታውስም። በቃሉ ከሸመደዳቸው ረጃጅም ቃላት አንዱም ሊመጣለት አልቻለም።

«አይ አም ዘ ማን» አለ። «ሰውዬው እኔ ነኝ። አልገባኝም ነበር፤ መጠየቅ አፍሬ ነው።»

ሳቁ ተቆረጠ። መምህርቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየችና ሰሌዳውን ለማጥፋት ዞረች፤ ተማሪዎቹ ገና ምንም ሳይገለብጡ። ልጅቷ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

ሲለቀቁ ደረጃው ሥር ቆማ አገኛት። ከጎማ ቤቱ የላስቲክ ሽታ ይመጣል። እሱ ይቅርታውን ሲጀምር አቋረጠችው።

«ጋሼ፣ እንደዚያ እንድትቆም ብዬ አልነበረም። እዚያ መኖርህንም ረስቼ ነው።»

«ብቆም ነው የሚሻለኝ ልጄ። ዓመትሽን በላሁብሽ።»

«የሚያናድደኝ ዓመቱ አይደለም» አለች። የቦርሳዋን ማንገቻ አጣመመች። «ያን ቀን በሩ ላይ አባትሽ ሞተ ስትለኝ፣ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የቀሩኝ ጥያቄዎች። መኪናው ውስጥም ሳለቅስ አየኸኝ አይደል? መጀመሪያ ያለቀስኩት ለፈተናው ነው፤ አባቴ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ከመኪና ወርዶ ሲያቅፈኝም ያው ስለ ፈተናዬ ጠየቅሁ። እሱ ይኼን አያውቅም። አንተን ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ነው አንገቴን የምደፋው። አንተ ደግሞ መንገድ ትሻገራለህ።»

መዝገበ ቃላት «ሰው ደንግጦ ሳለ የሚያስበውን አይመርጥም» ሊላት ፈለገ፤ ግን አዋቂ መምሰል ሆነበትና ተወው።

«ለማንም አልናገርም» አላት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የነገርኩህ።»

እስከ ታክሲው ድረስ አብረው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ስምሪት ክፍል ገብቶ ሾፌሮቹ በተሰበሰቡበት ስለ አንድ ሥራ ትእዛዝ ሰጠ። መሀል ላይ አንድ ባለ ጅራት ግስ አለፈች። ሾፌሮቹ ትርጉሙን ለመስማት ወደ መዝገበ ቃላት ዞሩ። ራሱን ሊነቀንቅ ጀምሮ አቆመ።

«ይቅርታ፣ የመጨረሻዋ አልገባችኝም። ድገምልኝ» አለው በእንግሊዝኛ።

ከሾፌሮቹ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው። መዝገበ ቃላትም ፊቱ ጋለ። መሐንዲሱ ግን ምንም ሳይመስለው እንደገና አስረዳ፤ ሥራው ለሳምንት ተላልፏል ማለቱ ነበር።

ልጅቷ በዓመቱ ተፈትና በጥሩ ውጤት አለፈች። ሰላምታ ስትሰጠው አሁን ቀና ብላ ነው፤ እሱም መንገድ አይሻገርም። የፈተና ሰሞን ደርሶ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እስክሪብቶ ይዘው ሲያልፉ ሲያይ ግን አሁንም ጆሮው ይግላል፤ ከቢሮው መስኮት ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል።